የካርቦን ድራግ ሮንዴላ በቤት ውስጥ መቁረጥ፦ የትኛው መሣሪያ፣ በምን ቅደም ተከተል

«ሪሉን ፈታሁት፣ የድራጉ ሮንዴላ አልቋል፣ ሞዴሉ አሮጌ ስለሆነ ዕቃው አይገኝም። የካርቦን ሉህ ገዝቼ ራሴ ብቆርጠው ይሆናል?» አሜሪካ ውስጥ ቼሳፒክ ቤይና ፖቶማክ ወንዝ ላይ ዓሣ ከሚያጠምዱ ወገኖች ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። አዎ፣ ይሆናል። ግን ወዲያው «በምን ልቁረጠው?» የሚለው ይከተላል። ሥራው የሚበላሸውም የሚሳካውም እዚያ ላይ ስለሆነ አንድ ቦታ ላይ በደንብ ልጻፈው።

ሪል የማጥመጃው ክር የሚጠቀለልበት መሣሪያ ነው፣ ድራግ ደግሞ የሪሉ ፍሬን ነው። ዓሣው ሲጎትት ክሩ ከመበጠሱ በፊት ስፑሉ፣ ክሩ የተጠቀለለበት ማለቴ ነው፣ እየተንሸራተተ ክር ይለቃል። አሠራሩ ከመኪና ፍሪሲዮን ጋር አንድ ነው፤ የሚፋተግ ሮንዴላና የብረት ሮንዴላ የሪሉ ማርሽ ጉድጓድ ውስጥ ተራ በተራ ተደርድረው ከላይ በዳዶ ይጠበቃሉ። የብረቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ጎንና ጎኑ ላይ ጆሮ አለው፤ ጆሮው ማርሹ ላይ ካለው ክፍተት ስለሚገባ ከማርሹ ጋር ይዞራል። ሌላው መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ጠፍጣፋ ጎን አለው፤ እሱ ደግሞ መሃል ያለውን ዘንግ ይይዛል። ካርቦኑ በሁለቱ መካከል ሆኖ ማንንም ሳይዝ ይፋተጋል። ለዚህ ነው ካርቦኑ ተራ ክብ ቀለበት ብቻ የሚሆነው፣ ለዚህም ነው ቤት ውስጥ ሊቆረጥ የሚችለው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ለድራግ ተብሎ የተሠራ የካርቦን ሉህ፣ ማለትም ከካርቦን ክር የተሸመነ። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ0.5 እስከ 1.5 ሚ.ሜ ነው። ካርቦንቴክስ በሚል ስም የሚሸጠው አንዱ ነው።
- ካሊፐር። ዲጂታል ቢሆን ይመረጣል፣ ርካሹም ይበቃል።
- ክብ ፓንች። ጫማ ሠሪዎችና ጓርኒሲዮን ቆራጮች የሚጠቀሙበት፣ ውስጡ ክፍት የሆነው።
- ከፓንቹ ጋር እኩል ውፍረት ያለው ብሎን፣ ዳዶው፣ እና ሁለት ወፍራም የብረት ሮንዴላ።
- ባትሪ ያለው ትራፓኖ።
- ስለታም መቀስ።
- ብርጭቆ ወረቀት፦ 180፣ 320 እና 600 ቁጥር።
- የወረቀት ፕላስተር፣ ቀጭን ሱፐር ግሉ፣ አልኮል።
- ወፍራም የፕላስቲክ መክተፊያ ወይም ጉማጅ እንጨት፣ መዶሻ።
- የድራግ ግሪስ።
- ኤን95 ማስክ፣ መነጽር፣ ጓንት።
- የእጅ ሚዛን፣ ዓሣ የሚመዘንበት ዓይነት።

ስለ ሉሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ለድሮንና ለመኪና ጌጥ የሚሸጠው የሚያብለጨልጭ የካርቦን ሳህን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ፊቱን የሸፈነው ኢፖክሲ ነው፤ የሚፋተገው ካርቦኑ ሳይሆን ሙጫው ይሆናል ማለት ነው። ትልቅ ዓሣ ረጅም ሲሮጥ ድራጉ ይግላል፣ ሙጫው ይለሰልሳል፣ ድራጉም መያዝና መልቀቅ ይጀምራል። ለድራግ የተሠራው ሉህ ፊቱ ደብዛዛ ነው፣ ሽመናው በጣት ይዳሰሳል።

ከመጀመራችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ

የካርቦን ብናኝ ቆዳን ያሳክካል፣ ዓይንንና ሳንባን ያስቆጣል። ስለዚህ ማስኩ ከመጀመሪያዋ መቁረጥ ጀምሮ ይደረግ። ብናኙን በአፍም በኮምፕሬሰርም አትንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ሌላው ሰው የማያስበው ነገር፣ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ኮምፒውተር ወይም የተከፈተ ቻርጀር አጠገብ ከፈጫችሁት ብናኙ ገብቶ ሾርት ሊያደርገው ይችላል። ጋራዥ ወይም በረንዳ ላይ ሥሩ። የሠራችሁበትን ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አትጠቡት።

በጣም አሮጌ ሪል ከሆነ ደግሞ የድሮው ሮንዴላ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። አትፋቁት፣ አትፈግፍጉት። አርጥባችሁ አውጡት፣ ላስቲክ ውስጥ አሽጋችሁ አስወግዱት።

በምን ይቆረጥ

ፓንች ለመሃሉ ቀዳዳ ተወዳዳሪ የለውም። ንጹሕ ይቆርጣል፣ ብናኙ ትንሽ ነው፣ አንዴ ከተገዛ ዓመታት ያገለግላል። ለውጩ ትልቅ ክብ ግን ሁሉንም መጠን መግዛት ውድ ነው፣ የፓንቹን መሃል ከቀዳዳው መሃል ጋር ማገጣጠምም ያስቸግራል።

ኮምፓስ ቢላዋ፣ ማለትም አንድ እግሩ መርፌ፣ ሌላው ስለት የሆነው፣ ትልልቅ ክብ ላይ ጥሩ ነው። ችግሩ ካርቦን ስለት ቶሎ ይበላል። በአንድ ግፊት ለመቁረጥ አትሞክሩ፤ በቀላሉ እየደጋገማችሁ አዙሩት፣ ስለቱንም ሳትሰስቱ ቀይሩ። በኮምፓስ ስትሠሩ የውጩ ክብ ይቅደም። የመሃሉን ቀድማችሁ ካወጣችሁት መርፌው የሚቆምበት አይኖርም።

ሆል ሶው፣ ክብ መጋዙን ማለቴ ነው፣ ጥርሱ ሽመናውን ይዞ ይዘለዝለዋል። የተለመደው የብረት መሰርሰሪያም ሉሁን ይነክስና ያሽከረክረዋል፤ ሉሁም ይቀደዳል፣ እጅም ይቆረጣል። ሁለቱንም ተዉአቸው። የቤት ሌዘርም ጠርዙን ያሳርራል፣ ጭሱም መጥፎ ነው።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው፦ መሃሉን በፓንች፣ የውጩን በመቀስ ሰፋ አድርጎ፣ ከዚያ ብሎን ላይ አስሮ በትራፓኖ እያዞሩ በብርጭቆ ወረቀት ልክ ማድረስ። ሮንዴላው የሚዞረው በራሱ ቀዳዳ ላይ ስለሆነ የውጩ ክብ ያለ ምንም ድካም ከመሃሉ ጋር ይገጥማል። ሦስትና አራት ቁራጭ አንድ ላይ ታስሮ ስለሚሠራም ሁሉም እኩል ይወጣሉ። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በዚህ መንገድ ነው።

አሠራሩ

1. ሪሉን ፍቱ፣ እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ አንሱ። ሮንዴላዎቹ ሲወጡ በወጡበት ቅደም ተከተል ፎጣ ላይ ደርድሯቸው። በብዙ ሪሎች ከታች ካርቦን፣ ከዚያ ዘንጉን የሚይዘው ብረት፣ ካርቦን፣ ጆሮ ያለው ብረት፣ ካርቦን፣ በመጨረሻ እንደገና ዘንጉን የሚይዘው ብረት ነው። የእናንተው ሊለይ ስለሚችል ፎቶውን እመኑ። ከማርሹ ሥር የሚቀመጥ ሌላ ሮንዴላ ካለም ለብቻው አስቀምጡት፤ መጠኑ ይለያል።

2. ሮንዴላው የሚቀመጥበትን ቤት ለኩ እንጂ አሮጌውን ሮንዴላ አትለኩ። አሮጌው ተጨፍልቋል፣ ጠርዙም ተበልቷል። የማርሹን ጉድጓድ ስፋትና የመሃሉን ዘንግ ውፍረት በካሊፐር ውሰዱ። ጉድጓዱ 30 ሚ.ሜ ከሆነ ሮንዴላውን 29.6 ወይም 29.7 አድርጉት። ዘንጉ 10 ሚ.ሜ ከሆነ ቀዳዳው 11 ቢሆን ምንም አይደለም። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ምክንያቱን ያዙ፦ ሮንዴላውን መሃል ላይ የሚያቆመው ከሁለቱ አንዱ ነው፣ ወይ የጉድጓዱ ግድግዳ ወይ ዘንጉ። የውጩ ልክ ከሆነ የውስጡ ላላ ማለት አለበት። ሁለቱንም ጠበቅ ካደረጋችሁ ትንሽ የመሃል ስህተት ትበቃለች፣ ሮንዴላው ይነክሳል። ሁለቱም ከላሉ ደግሞ ይንከራተታል። ድራጉ ጉልበት የሚያገኘውም በአብዛኛው ከውጩ ጠርዝ በኩል ስለሆነ ቀዳዳው ሰፋ ቢል የምታጡት ጥቂት ነው፤ የውጩ ክብ ካነሰ ግን ልዩነቱ ይታወቃል።

3. ውፍረቱን ደምሩ። ካርቦኑንም ብረቱንም አንድ ላይ ደርድራችሁ ጠቅላላውን ለኩ፣ ከዚያ አዲሱ ድርድር ከዚያ ጋር እንዲቀራረብ ሉሁን ምረጡ። አሮጌው ተጨፍልቆ ሊሆን ስለሚችል አዲሱ በጥቂቱ ቢበልጥ ይጠበቃል። በጣም ከወፈረ ግን ዳዶው ጥርሱን አይዝም፣ ወይም ድራጉን እስከ መጨረሻ ብታላሉትም አይለቅም። በጣም ከቀጠነ ደግሞ ማጥበቂያው መጨረሻ ይደርስና ሳይጠብቅ ይቀራል። ሉሁን ፊቱን ፈግፍጎ ማቅጠን አይቻልም፤ ሽመናው ይበጠሳል፣ ፀጉር ያወጣል።

4. ፕላስተር ለጥፉ። የምትቆርጡበትን ቦታ በሁለቱም ፊት በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ፣ ላዩ ላይ በእርሳስ መሃሉንና ሁለቱን ክቦች ሣሉ። የውጩን ክብ ከሚፈለገው 1 ሚ.ሜ ያህል አስፉት። ፕላስተሩ ሁለት ሥራ አለው፦ መስመሩን ያሳያል፣ ክሮቹ ሲቆረጡ እንዳይፈቱ ይይዛል። በክቦቹ መካከል ቢያንስ 5 ሚ.ሜ ቦታ ተዉ፤ ቢጠጋጉ አንዱ ሲቆረጥ የሌላው ጠርዝ ይላላል።

5. መሃሉን በፓንች ምቱ። ሉሁን መክተፊያው ላይ አድርጉ፣ ፓንቹን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ በከበድ ያለ መዶሻ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። በትንንሽ ምት መደጋገም ፓንቹን ያንሸራትተዋል፣ ቀዳዳውም ድርብ ጠርዝ ያወጣል። ሞርሳ ወይም ፕሬስ ካላችሁ በግፊት መቁረጡ ከመዶሻውም ይሻላል። ብረት ወይም ሲሚንቶ ላይ በፍጹም አትምቱ፣ ስለቱ በአንድ ምት ይሞታል። አዲስ ፓንች ሁሉ ስለታም ሆኖ አይመጣም፤ መጀመሪያ ካርቶን ላይ ሞክሩት፣ ካልቆረጠ ከውጭ በኩል ባለው ተዳፋት ላይ በ600 ብርጭቆ ወረቀት ሳሉት። እዚያው የቀዳዳውን ልክ በካሊፐር ለኩ፤ ፓንቹ ላይ የተጻፈው ቁጥርና የሚወጣው ቀዳዳ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

   አሜሪካ ያላችሁ ፓንቹም ብሎኑም በኢንች ስለሚሸጥ አብረው ግዙት። 7/16 ፓንች ከ7/16 ብሎን ጋር ይሄዳል፣ በሚ.ሜ 11.1 ገደማ ነው። ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ከተወዛወዘ ቀጥሎ ያለው ሥራ ሁሉ ይጣመማል፤ ትንሽ ከላላ ፕላስተር ጠቅልሉበት።

6. የውጩን በመቀስ ቁረጡ። ከመስመሩ ውጭ ውጩን ሂዱ። መቀሱን ሳይሆን ሉሁን አዙሩት፣ ጠርዙ የበለጠ ይስተካከላል። ወፍራሙ ሉህ በመቀስ አልሄድ ካለ በኮምፓስ ቢላዋ ወይም በስለታም ካተር እየደጋገማችሁ ቁረጡት።

7. ብሎን ላይ እሰሩና ልክ አድርሱት። ቁራጮቹን ደርድሩ፣ ከላይና ከታች ወፍራሙን የብረት ሮንዴላ አድርጉ፣ በዳዶ አጥብቁ። የብረት ሮንዴላዎቹ ስፋት ከምትፈልጉት ልክ ማነስ አለበት፣ ግን ብዙ አይነስ፤ ለ29.6 ከሆነ 25 አካባቢ ያለው ጥሩ ይይዛል። ብሎኑን ትራፓኖው ላይ እሰሩ፣ በዝግታ አዙሩ፣ እንጨት ላይ የተለጠፈ 180 ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አስጠጉ። ወረቀቱን ውኃ እርጩበት፣ ብናኙ ጭቃ ሆኖ ይቀራል እንጂ አየር ላይ አይወጣም። ባትሪ ያለው ትራፓኖ ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ግድግዳ ላይ ከተሰካ ዕቃ ጋር ውኃ አታቀራርቡ። እያቆማችሁ ለኩ። ወደ ልኩ ስትጠጉ ወደ 320 ቀይሩ። የተቀነሰ አይመለስም፣ የመጨረሻዋ 0.3 ሚ.ሜ ላይ አትቸኩሉ።

8. ጠርዙን ጨርሱ። ከብሎኑ ሳትፈቱ ጠርዙን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና አድርቁት። ክር የሚወጣ ከመሰላችሁ ቀጭኑን ሱፐር ግሉ በጥርስ መፈልቀቂያ ጫፍ ጠርዙ ላይ ብቻ ንኩት። ፊቱ ላይ ከፈሰሰ የጠነከረ ነጠብጣብ ይሆናል፣ ድራጉም በዞረ ቁጥር እዚያች ነጥብ ላይ ይዘላል። ሲደርቅ ፍቱት፣ ፕላስተሩን ጎንበስ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ላጡ፣ የቀረውን ሙጫ በአልኮል አጽዱ።

9. ብረቶቹን አትርሱ። ካርቦኑ አዲስ ሆኖ ብረቱ ከተቧጨረ ወይም ከተጣመመ ድራጉ ለስላሳ አይሆንም። ብረቱን መስታወት ላይ አስቀምጡትና በጣት ጠርዝ ጠርዙን ጫኑት፤ ከተወዛወዘ ጠማማ ነው። ጥቂት ዝገትና ጭረት ከሆነ መስታወቱ ላይ 600 ብርጭቆ ወረቀት አንጥፋችሁ በውኃ እያሻችሁ አስተካክሉት። አንዳንዱ ብረት ከፋብሪካ ሲወጣ በአንድ በኩል ስለታም ጠርዝ ይኖረዋል። ያ ጠርዝ ካርቦኑን ስለሚበላው በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አብርዱት።

10. ግሪስ በስሱ ቀቡ። ካርቦን ደረቁንም ይሠራል፣ ግን ጨው ውኃ ላይ የምታጠምዱ ከሆነ ግሪሱ ግዴታ ነው። ካርቦንና ብረት ጨው ውኃ ሲያገናኛቸው ብረቱ ይበላል። ግሪሱ ውኃውን ይከለክላል፣ ድራጉም ሲነሳ እንዳይነጥቅ ያደርገዋል። ለድራግ የተሠራ ይሁን፣ ለምሳሌ ካልስ (Cal's) የሚባለው። በጣት ሽመናው ውስጥ አሻሹት፣ ከዚያ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉት። ቀጭን የማሽን ዘይትና ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ አይሆኑም።

11. ፎቶውን እያያችሁ ገጥሙ። እያንዳንዱ ካርቦን ሲገባ በጣት አዙሩት፣ ሳይነካካ መዞር አለበት። ጆሮ ያለው ብረት ከካርቦኑ ጠርዝ ላይ ሳይሆን ከክፍተቱ ውስጥ መቀመጡን እዩ። ከላይ ሞላ ሮንዴላ ካለ፣ ጎድጎድ ያለውን ማለቴ ነው፣ ወደ የት ዞሮ እንደነበረ ፎቶው ላይ አረጋግጡ። ጥንድ ከሆኑ ጎድጓዳ ፊታቸው ፊት ለፊት ይተያያል።

12. በሚዛን ፈትሹ። ሪሉን የማጥመጃው ዘንግ (ሮድ) ላይ እሰሩ፣ ክሩን በቀለበቶቹ አሳልፉ፣ ጫፉን ሚዛኑ ላይ እሰሩ፣ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ። መጀመሪያ አላልታችሁ ደጋግማችሁ ጎትቱት፤ አዲስ ካርቦን እስኪተኛ ድረስ ቁጥሩ ይቀያየራል። ሲረጋጋ ከክሩ ጥንካሬ አንድ አራተኛና አንድ ሦስተኛ መካከል ላይ አድርጉት። ክሩ 30 ፓውንድ ከሆነ ከ7.5 እስከ 10 ፓውንድ ማለት ነው። ሚዛኑ ላይ ቁጥሩን ብቻ አትዩ፣ አነሳሱንም እዩ። ለመነሳት 12 ፈልጎ ከተነሳ በኋላ 7 ላይ የሚሮጥ ድራግ፣ በተለይ በማይለጠጠው የተጠለፈ ክር ላይ፣ ዓሣው መጀመሪያ በሮጠባት ቅጽበት ክሩን ሊያስበጥስ ይችላል።

ሲበላሽ ምክንያቱ ምንድን ነው

ድራጉ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ከሆነ ከሦስት አንዱ ነው፦ ብረቱ ጠማማ ነው፣ ሱፐር ግሉ ፊቱ ላይ ፈሷል፣ ወይም የካርቦኑ ጠርዝ ግድግዳውን ይነካል። ከብረቱ ጀምሩ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

አጥብቃችሁም ካልያዘ ወይ ግሪሱ በዝቷል ወይ ድርድሩ ቀጥኗል። መጀመሪያ ፍቱና ግሪሱን ጥረጉ። አሁንም ካልያዘ ውፍረቱን እንደገና ለኩ፤ አንዱን ካርቦን በወፈረ ሉህ መቀየር ይበቃል። ሁለት ካርቦን አንድ ላይ መደራረብ ግን መፍትሔ አይደለም፤ እርስ በርስ ይፋተጋሉ፣ መካከላቸው ብረት ስለሌለ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

ጠርዙ ፀጉር ካወጣ ስለቱ ደንዝዟል ማለት ነው። ሮንዴላውን በመቀስ እየከረከማችሁ ለማዳን አትድከሙ፤ ፓንቹን ሳሉና አዲስ ቁረጡ። ከአንድ ሉህ ብዙ ሮንዴላ ስለሚወጣ ኪሳራው ትንሽ ነው።

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ አለ። አሮጌ ሪል ላይ ቆዳ ወይም ፌልት አውጥታችሁ ካርቦን ስታስገቡ ድራጉ ከበፊቱ የበለጠ ሊይዝ ይችላል። ማርሹና የኋላ መዞርን የሚከለክለው ምላስ ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው። ካርቦኑ ቻለ ብላችሁ እስከ መጨረሻ ካጠበቃችሁት ጥርሱ ይረግፋል፣ ያንን ደግሞ ቤት ውስጥ መቁረጥ አይቻልም። በሚዛን ያገኛችሁትን ልክ ድራጉን የሚያጠብቀው ኮከብ መሰል እጀታ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ አትለፉ። አጥምዳችሁ ስትመለሱ አላሉት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከውኃው ዳር ምልክቱ ላይ ትመልሱታላችሁ።

የተረፈውን ሉህ ሳታጥፉ በካርቶን መካከል አስቀምጡ፣ ላዩ ላይ የሪሉን ሞዴል፣ የቆረጣችሁበትን ልክና ውፍረቱን ጻፉበት።